የሙና ካርድና የጋሽ ወልዴ ወፍጮ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ወልዴ እንደ ልማዱ ከወፍጮ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ጮኸ። «ሙና! ላስነሣ ነው!»

መልስ የለም። እኔ በረንዳዬ ላይ ሻዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። «ኧረ ለካ የለችም» ብሎ ለብቻው ሳቀ፤ ከዚያ ወፍጮውን አስነሣው። ሙና የጅማ ሰፈራችንን ጊንጆን ለቃ አጋሮ ከገባች ወራት አልፈዋል። እዚያ ከእህቷ ጋር ሰፋ ያለ ቪዲዮ ቤት ከፍታለች፤ ደህና ናት። የጋሽ ወልዴ አፍ ግን አልለመደም። ስሟን ካልጠራ ሞተሩ የሚነሣለት አይመስለውም።

ስለዚህች ልጅ ልጻፍ ካልኩ ቆይቻለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ዕድሜዬንም የጨረስኩት በደዶ መንገድ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ቡና ሳደርቅ ነው። ስለዚህ የኮምፒዩተሩን ነገር ሳወራ ባበላሽ አንባቢ ይለፈኝ። የምጽፈው እሷ እንደነገረችኝና እኔ እንደገባኝ ነው።

ከመንገዱ ዳር ያለችውን ክፍሌን ልትከራይ የመጣች ቀን ነው ያወቅኳት። ተከራይ ሲመጣ የሚጠይቀው ይታወቃል፤ በሩ ይቆለፋል ወይ፣ ውሃ ይመጣል ወይ፣ ሰው ይበዛበታል ወይ ነው። እሷ ክፍሉን ገባ ብላ እንኳ ሳታይ፣

«አባባ፣ ቆጣሪው የት ነው?» አለችኝ።

አሳየኋት። ቆጣሪውን አየች፣ ከቆጣሪው የሚወጣውን ገመድ አየች፣ ጣሪያ ለጣሪያ ተከትላው ሄደች።

«ይሄ ገመድ መቼ የተዘረጋ ነው?»

«ቤቱ ሲሠራ።»

«እንግዲያው እሱም እንደርስዎ ጡረታ ይውጣ» ብላ ሳቀች። የሙና ነገር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ትስቃለች፣ ቀልዱን በኋላ ትናገራለች፤ እዚህኛው ላይ ግን ተሳስታ ቀልዱ ቀደመ።

በሳምንቱ ኤሌክትሪሺያን ይዛ መጣች። ለዚያች ለአንዲት ክፍል ወፈር ያለ ገመድ ለብቻው አዘረጋች፤ እንሰቱ ሥር ደግሞ ረጅም ብረት መሬት ውስጥ አስቀበረችና ሽቦ አሰረችበት። ምድር የሚያስነካው ነው አለችኝ፤ የኮምፒዩተሩ ሳጥን መብራት ቢያፈስ በዚያ በኩል ወደ መሬት ይሄዳል እንጂ ሰው አይይዝም። ባለቤቴ አስካለ በመስኮት ሆና ታያለች።

«ተክሌ፣ ይቺ ልጅ ቤት ልትከራይ ነው ወይስ አጥር ልታጥር?» አለችኝ።

ሙና በሠላሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ አጠር ያለች፣ እጇ ሥራ የማይፈታ ሴት ነበረች። ጅማ ተወልዳ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተምራ፣ ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ ሥራ ጀመረች። ሠርግ ትቀርጻለች፣ ኮምፒዩተሯ ላይ ትቆራርጣለች፣ ታሳምራለች። ኮምፒዩተሯን ከፍታ ስትሠራ ሻሿን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ ታስራለች፤ ጫፉ ፋን ውስጥ እንዳይገባ። ሻሿ ወደ ኋላ ከታሰረ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ማንም አያዋራትም።

ኮምፒዩተሩን የገዛችበት አኳኋንም የራሷ ነበር። ሰው ሁሉ ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን፣ ስእሉን የሚያወጣውን ዕቃ መጀመሪያ ይገዛል አሉ። እሷ መጀመሪያ የገዛችው ፓወር ሰፕላዩን ነው፤ መብራቱን ተቀብሎ ለሁሉም የሚያከፋፍለውን ሳጥን። ካርድ ሳይኖራት ትልቅ ፓወር ሰፕላይ ይዛ ወራት ተቀመጠች። የሥራ ጓደኞቿ «ሙና በቅሎ ሳትኖራት ኮርቻ ገዛች» እያሉ ቀለዱባት። እሷ ግን «የሚበላውን ሳላዘጋጅ እንግዳ አልጠራም» አለች።

በመጨረሻ ካርዱ ከአዲስ አበባ መጣ። አዲስ አይደለም፤ ሰው የተገለገለበት ነው። ሦስት ፋን አለው፣ እንደ ብሎኬት ይከብዳል። በሁለት እጇ ይዛ በረንዳዬ ድረስ አመጣችው።

«አባባ፣ ይተዋወቁ። ይሄ ከተቃጠለ ሙናም ተቃጠለች።»

«ታዲያ ምነው እንደ አራስ ልጅ አቀፍሽው?»

«ወላሂ፣ ልጅ ስወልድም እንዲህ የምሆን አይመስለኝም።»

ስታስገባው ቁጭ ብዬ አየሁ። መጀመሪያ ፈታችው። የደረቀውን ቅባት ጠረገች፤ ብረቱ ከካርዱ ልብ ጋር የሚነካካበት ላይ አዲስ ፔስት የሚሉትን ቀባች፤ ፋኖቹን በብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳች። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ካርዱ ሁለት ገመድ ለየብቻ አስገባች። ከአንዱ ገመድ ጫፍ ላይ ሁለተኛ አፍ ተንጠልጥሎ አይቼ «ይሄንን ለምን አትሰኪውም? ያ ሌላው ገመድ ይቀርልሽ ነበር» ብላት፣ «ሁለት አፍ በአንድ ጉሮሮ? ገመዱ ይግላል አባባ፣ ይቀልጥብኛል» አለችኝ። በፊት ለፊት አየር የሚያስገቡ ፋኖች፣ በኋላ የሚያወጣ አንድ ፋን አደረገች። አስገቢዎቹ ላይ ከስስ ሻሽ የሰፋችውን ጨርቅ ወጠረችበት፤ ለምን ብትሉ በግድግዳ የምንገናኘው ጎረቤታችን ወፍጮ ቤት ነው። ዱቄቱ ክረምት ከበጋ አይቆምም። ያን ጨርቅ በሳምንት በሳምንቱ አጥባ አጥሬ ላይ ስታሰጣው አላፊ አግዳሚው የሕፃን ልብስ እየመሰለው «ወለድሽ እንዴ?» ይላታል።

ካርዱን በአዘቦት ቀን በልኩ ነበር የምታሠራው። ሥራ ሲጠብባት ግን ፍጥነት ትጨምርለታለች፤ ኦቨርክሎክ ይሉታል። እኔ ነገሩ ፈረስን በጅራፍ እንደመግረፍ መስሎኝ ነበር።

«አይደለም አባባ» አለችኝ። «ፋብሪካው ለካርዱ ልክ ሲያወጣለት ቆጥቦ ነው። ማንም እጅ ቢገባ፣ በየትኛውም ሙቀት ቢሠራ እንዳይወድቅ ብሎ ትንሽ ያስቀርበታል። እኔ ያቺን ያስቀራትን ነው የምለምነው።»

«እምቢ ቢልሽስ?»

«አመሰግናለሁ ብዬ እመለሳለሁ። እምቢ ካለ በኋላ ቮልቴጅ እየጨመሩ የሚያስገድዱ አሉ። እኔ ቮልቴጅ አልነካም።»

አሠራሯ ይህ ነበር። ትንሽ ትጨምርለታለች፤ አንዲት የምትሽከረከር ከባድ የመፈተኛ ስእል ትሰጠውና በሩ ላይ ወጥታ ሻይ ትጠጣለች። ተመልሳ የሙቀቱን ቁጥር ታያለች። ደህና ከሆነ እንደገና ትንሽ ትጨምራለች፣ እንደገና ሻይ። እየጨመረች ሄዳ ስክሪኑ ላይ እንደ ጉድፍ ያለ ቀለም ብልጭ ሲል፣ ወይም ስእሉ ቀጥ ሲል፣ አልቻለም ማለት ነው። ያኔ አንድ እርምጃ አይደለም፤ ከዚያም ዝቅ አድርጋ ትመልሰዋለች። «ጫፉ የት እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ እንጂ ጫፉ ላይ አልቀመጥም» ትላለች። ጓደኞቿ በስልክ «ጨምሪበት፣ ምን ትፈሪያለሽ!» ሲሏት የምትመልሰው አንዲት የኦሮምኛ ቃል ናት። «ሱታ።» ቀስ ማለት ነው።

ይሄ ነገሯ ነው እሷን የወደድኩበት። እኛም ቡና ስናደርቅ እንዲሁ ነበርን። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከር፣ አሁን ቶሎ ይድረቅ ብለህ ማድረቂያ አልጋው ላይ ገልጠህ ከተውከው ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። ሸፈን ማድረግ፣ ማገላበጥ፣ ሲበርድ መልሶ መግለጥ ነው። ለሙና ይህን ስነግራት «በቃ እርስዎ ኦቨርክሎክ ያውቃሉ» ብላ ሳቀችብኝ።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራት። ካርዱ ከልኩ በላይ ሲሠራ ያለ ሰው ጥላው አትሄድም። ማታ ሁሉን አጥፍታ፣ ሶኬቱን ነቅላ፣ ቆልፋ ነው የምትሄደው።

አሁን የአስካለን ነገር ልናገር። የእኛ ቤት ሴቶች ዳንቴል የማያለብሱት ዕቃ እንደሌለ ታውቃላችሁ። ቴሌቪዥኑ፣ ሬዲዮው፣ የሶፋው መደገፊያ፣ ሁሉም ይለብሳል። አስካለ የሙና ኮምፒዩተር ባዶውን መቀመጡ ከነከናት። ለኢድ በልኩ ለክታ ነጭ ዳንቴል ሠራችላት፤ ዳር ዳሩ ላይ ቢጫ አበባ አለው። ሙና ተቀብላ አገላብጣ አየችው፤ አቅፋ ሳመቻት፤ አለበሰችውም። አስካለ ስትወጣ ገፈፈችው። አስካለ ስትመጣ ታለብሳለች፣ ስትወጣ ታነሣለች። አንድ ቀን ብቻ ደፍራ፣

«እማማ፣ ሲሠራ ትንሽ ይተንፍስ ብዬ ነው እንጂ…» አለች።

«ዳንቴል እኮ ሁለመናው ቀዳዳ ነው የኔ ልጅ፤ በየት በኩል ታፈነ?»

ፋብሪካ የምትከራከር ልጅ አስካለን መከራከር አልቻለችም።

አንድ ሐሙስ ጠዋት የጋሽ ወልዴ ልጅ ትዕግስት ወደ ሙና ክፍል መጣች። ቅዳሜ ሠርጓ ነው። ቀራጯም ሙና ናት። ትዕግስት በሩን ከኋላዋ ዘጋችና ከጡቷ መሐል ፍላሽ አወጣች። እኔ እዚያው ተቀምጬ ስለነበር «አባባ፣ ለማንም እንዳይናገሩ» አለችኝ።

እናቷ ወይዘሮ ብርቄ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ከሞተች በኋላ ለጋሽ ወልዴ የቀረችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶዋ ብቻ ናት፤ እሷም ላይ ተኮሳትራለች። ብርቄን የምናውቅ ሁሉ የምናዝነው በዚያ ነው፤ ስትኮሳተር አይተናት አናውቅም። ለካ ሊሙ ባለች የትዕግስት አክስት ቤት፣ አክስትየዋ ስትዳር የተቀረጸ የድሮ ካሴት ተገኝቷል። ብርቄ ወጣት ሆና አለችበት። አክስቷ ፍላሽ ላይ አስገልብጣ ላከችው። ጋሽ ወልዴ አያውቅም።

«እሁድ መልሴ ላይ ላሳየው እፈልጋለሁ» አለች ትዕግስት። «እናቴ ልጇን ለመዳር አልደረሰችም። ባይሆን አብራን ትቀመጥ።»

ሙና ፍላሹን ከፍታ አየችው። ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል፤ ፊት የለ፣ ዓይን የለ፣ ነጭ ነገር ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ብርቄ ይህቺ ናት ብትሉኝ አላምንም ነበር።

«የሚያጠራ ፕሮግራም አለኝ» አለች ሙና። «ግን አንዷ ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ስእል አለ። ካርዱ እያንዳንዷን አጥቦ፣ አስጥቶ፣ ነው የሚያሳልፈው። በልኩ ከሠራ ሰኞ ነው የሚያልቀው።»

«ሰኞማ ምን ያደርግልኛል?»

ሙና ካርዱን አየችው። ከዚያ ሻሿን ወደ ኋላ አሰረች።

ሐሙስ ከሰዓት ቪዲዮውን ትንንሽ አድርጋ ቆራረጠችው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዳይጠፋ። ካርዱን ሱታ ሱታ እያለች ከፍ አደረገችው። መሥራት ጀመረ። ቁጥሩም ደህና ነው። ልክ ደስ ሲለን ከግድግዳው ማዶ ጉርርር የሚል ተሰማ፤ አምፖሉ ደብዘዝ አለ፣ ኮምፒዩተሩ ጠፋ፤ ራሱ ተነሣ። ጋሽ ወልዴ ወፍጮውን ማስነሣቱ ነው። ሁለት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ለሠርጉ ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ይዞ ስለመጣ ወፍጮው ይቆማል፣ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ይነሣል።

ሙና ተነሥታ ወፍጮ ቤት ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ወፍጮውን እስከ ነገ ማታ ቢያሳርፉልኝስ?»

ጋሽ ወልዴ ከእግር እስከ ራሱ በዱቄት ነጥቷል። ዓይኑ ብቻ ነው ጥቁር። «ምን አልሽ? ልጄን ልድር ሁለት ቀን ቀርቶኝ? ይሄን ሁሉ ወረፋ ምን ልበለው?»

«እርስዎ ባስነሡ ቁጥር መብራቱ ይወርዳል፤ ኮምፒዩተሬ ይደነግጣል።»

«ይደነግጣል!» አለ ወደ ወረፋው ዞሮ። «ሰማችሁ? የሙና ማሽን ደንጋጣ ነው። ሙና፣ ጸበል ውሰጂው፤ ካልሆነም ዱዓ አስደርጊለት!»

ሴቶቹ ሳቁ። ሙናም ሳቀች። ግን ንቅንቅ አላለችም።

«ይሳቁብኝ፤ የያዝኩት ግን የሰው አደራ ነው።»

«የማን አደራ?»

«የባለቤቱን ስም አልናገርም።»

«እንግዲያው እኔም አላቆምም!»

እኔ በልቤ፣ አሁን ትነግረዋለች ወይ አንድ ነገር ፈጥራ ትዋሻለች ብዬ ጠበቅኩ። ሙና ሁለቱንም አላደረገችም። ትንሽ አሰበችና፣

«እሺ አያቁሙ» አለች። «ክፉው ሞተሩ ሲነሣ ነው፤ ከተነሣ በኋላ ካርዱን ወደ ልኩ አወርደዋለሁ፤ ይችለዋል። ሲያቆሙ ደግሞ ከፍ አደርገዋለሁ። ብቻ ከማስነሣትዎ በፊት ይጥሩኝ። እኔ ላፍታ አቆማለሁ፣ እርስዎ ያስነሣሉ፣ እኔ እቀጥላለሁ።»

«እኔ? በገዛ ወፍጮዬ? ፈቃድ ልጠይቅሽ?»

«‹ሙና፣ ላስነሣ ነው› ማለት ነው። እኔ ‹ያስነሡ› እላለሁ። አለቀ።»

ወረፋው ላይ ጤፏን ያቀፈች አንዲት አሮጊት ሰልችቷት ጮኸች። «አቦ ማሎ፣ እባክህ ወልዴ! ስም መጥራት ምን ያደክምሃል? ጥራትና ጤፌን ፍጭልኝ!»

እንዲህ ተጀመረ። ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጊንጆ የሰማው ይህንን ነው። «ሙና! ላስነሣ ነው!» «ይቆዩ… ይቆዩ… ያስነሡ!» ጋሽ ወልዴ መጀመሪያ ላይ በንዴት ነበር የሚጮኸው። ወደ ቀትር ግን ጣመው። ድምፁን እያስረዘመ፣ ወታደር እንደሚያዝ፣ «ሙናአአ! ላስነሣ ነውውው!» ይላል። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ እያለፉ «ያስነሡ!» ይሉታል። «አንተን አይደለም፣ የሷን ነው የምጠብቀው!» ብሎ ይቆጣል። የሚስቱን ፊት ከዝናቡ ውስጥ እያወጣ መሆኑን ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ለሥራው ዘብ ቆመለት።

ከሰዓት ላይ ወረፋው ሲቀል፣ ይቺ ልጅ ምን ብትሠራ ነው ብሎ ይመስለኛል፣ ሳያንኳኳ ከች አለ። እንዲያው ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ብርቄ ነበረች። ጥርት ብላ። ጥርሷ ሁሉ ይታያል። እኔ ደርቄ ቀረሁ። ሙና ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሣ እጇን ልካ የአስካለን ዳንቴል ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገችው፤ ከዚያ ዞራ ጮኸች፤

«ጋሽ ወልዴ! በዱቄትዎ! ውጭ! ወላሂ አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ! ካርዴን ሊጥ ሊያደርጉት ነው?»

ደንግጦ ደጃፉ ላይ ቆመ። ልብሱን ሊያራግፍ ሲል «እዚያ አያራግፉ!» አለችው። እጆቹን አንሥቶ ቀረ፤ የተያዘ ሌባ ይመስላል።

«ምንድን ነው የምትደብቂው?»

«የሰው ሥራ ነው። ሳያልቅ አይታይም።»

«እኔም እኮ ነገ ልጄን እድራለሁ፤ የሷንም ቪዲዮ እንዲህ እንዳትደብቂብኝ!»

«እርስዎ ከሁሉ ቀድመው ያያሉ፣ ኢንሻአላህ» አለችው።

ሄደ። ሙና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። የምትስቅ መስሎኝ ነበር፤ ሳያት ዓይኗ እርጥብ ነው። «አባባ፣ አላየም አይደል?» አለችኝ።

ቅዳሜ ሌላ ጣጣ መጣ። ወፍጮው ለሠርጉ ተዘግቷል፤ መብራቱ ሙሉ ነው፤ ካርዱ ከፍ ብሎ እንዲውል ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ሙና ግን ሠርግ ቀራጭ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ሙሽሮቹ ኋላ ነች። ያለ ሰው ደግሞ አይሠራም። ስለዚህ እኔ ሰው ሆንኩ። ወንበሯ ላይ አስቀመጠችኝ።

«ይህችን ቁጥር ያዩዋታል። ከሰማንያ ካለፈች ይህችን ቁልፍ ይጫናሉ፤ ሥራው ይቆማል። ከዚያ ይደውሉልኛል። ሌላ ምንም አይነኩም።»

እግሬን አሞኛል ብዬ ከሠርጉ ቀረሁ። አስካለ ለባብሳ፣ ሽቶዋን ተቀብታ ልትሰናበተኝ መጣች። እኔ ወጥቼ ባጃጅ ላስቆምላት ስል እሷ ወደ ኋላ ቀረት ብላ ነበር፤ ልብ አላልኩም። ሸኝቼያት ተመልሼ ተቀመጥኩ። ቁጥሯ ሰባ ላይ ናት። ትንሽ ቆይታ ሰባ አራት። ከዚያ ሰባ ስምንት። ሰማንያን ስታልፍ ቁልፉን ተጫንኩና ደወልኩ። ሙና ስታነሣ በስልኩ የሚሰማው እልልታ ብቻ ነው።

«ሙና፣ ጋለ! አቁሜዋለሁ!»

«ምን ተለወጠ አባባ? መስኮቱ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው።»

«ፋኖቹ ይዞራሉ?»

«ይሰማኛል፣ ይዞራሉ።»

ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እማማ ከመውጣታቸው በፊት እኔ ክፍል ገብተው ነበር?»

«ገብታ ነበር።»

«ዳንቴሉ የት ነው ያለው?»

ቀና ብዬ አየሁ። እላዩ ላይ ነው፤ ቢጫ አበባው ወደ እኔ ዞሮ፣ ተስተካክሎ፣ አምሮበት። እኔም ስገባ አይቼው ነበር እኮ፤ አማረ ብዬ ነው ያለፍኩት።

ስልኩ ውስጥ የሙና ሳቅ ከእልልታው በለጠ። «በሉ ሱታ ብለው ያንሡት። ቁጥሯ ስትወርድ እንደገና ያስጀምሩት። ደግሞ አባባ፣ እማማ ሲመለሱ ተገፎ እንዳያገኙት፤ ማታ ካርዱ ሲያርፍ መልሰው ያልብሱት።»

ማታ አልብሼው አስካለ ገብታ አየችው። «አየህ» አለችኝ፣ «ዛሬ ሰው ቢመጣ ምን ይል ነበር?»

እሁድ ጠዋት የመጨረሻዋ ቁራጭ አለቀች። ሙና ካርዱን ወደ ልኩ መለሰችው፤ «አልሃምዱሊላህ፣ አሁን ይረፍ» አለች። አንድም ነገር አልሆነም።

መልሱ በጋሽ ወልዴ ግቢ ድንኳን ውስጥ ነበር። ሰው በልቶ ጠጥቶ ሞቅ ሲል ትዕግስት ተነሥታ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ አስወጠረች። ጋሽ ወልዴ ከፊት ተቀምጧል። ዱቄቱ ታጥቦ፣ በሱፍ ልብስ ላይ ሆኖ ስታየው ሌላ ሰው ይመስላል። የቅዳሜው ሠርግ ሊታይ መስሎት ልጁን «ደግሞ እኔን ሳለቅስ አሳይታችሁ ልታስቁብኝ ነው!» ይላታል።

ሙና ፕሮጀክተሩን ስታበራ አንሶላው ላይ አንዲት ወጣት ሴት ትሪ ይዛ ወጣች። ካሜራውን አየችና በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች፤ መልሳ ገለጠችው፣ ሳቀች። የሚያውቋት አወቋት። ብርቄ ትሪዋን ለሰው አቀበለች፤ ትከሻዋን ነቅነቅ አደረገች፤ ከዚያ ወደ ጎን ዞራ፣ በስእሉ ውስጥ ወደማይታይ ሰው፣

«ወልዴ! ና እንጂ! ምን ያስቆምሃል?» አለች።

ጋሽ ወልዴ ከወንበሩ ተነሣ።

«መጣሁ» አለ። አልጮኸም። ጓዳ ሆና ለጠራችው ሚስቱ ቤት ውስጥ እንደሚመልስ ሰው ነው ያለው።

አንሶላው ላይም ወጣቱ ወልዴ ብቅ አለ፤ ክርኑን እንደ ዶሮ ክንፍ ከፍቶ፣ ትከሻው ከዘፈኑ አልገጥም ብሎት። ሰው ሳቁን መያዝ አቃተው፤ እያለቀሰም የሚስቅ ነበር። ትልቁ ወልዴ ደግሞ አንሶላው ፊት ደርሶ ክርኑን ከፈተ። ያው ጭፈራ፣ ያው ክርን ነው፤ ምንም አላሻሻለም። ትዕግስት በሙሽራ ልብሷ ሮጣ ገባች፤ ከአባቷና ከእናቷ መሐል ቆመች።

እኔ ከኋላ ከሙና አጠገብ ነበርኩ። ካሜራዋ ጭኗ ላይ ነው፤ መብራቱ ጠፍቷል።

«ሙና፣ አትቀርጪም እንዴ?» አልኳት።

ዓይኗን ከእነሱ ላይ አላነሣችም። «ይሄስ ይቅር አባባ፤ እንየው» አለችኝ።

ትዕግስት ለዚህ እስከ ዛሬ ትወቅሳታለች። ያን ቀን አባቷ ሲጨፍር የሚያሳይ አንድም ቪዲዮ የለም።